ላልሞተ ሰው መርዶ ይዤ ሄድኩ

ስሙኝማ፣ ዛሬ የሠራሁትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል።

ዛሬ ጠዋት፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ጥቁር የለበሱ ሦስት እናቶችና አንድ ሽማግሌ አስከትዬ አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት አሜሪካዊት ቤት ሄድኩ። "እህትሽ አርፋለች" ብለን ልናረዳት።

እህትየዋ አልሞተችም ነበር።

ደግማችሁ አታንብቡት፣ ያው ነው!

ይሄን የምጽፍላችሁ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው፣ አንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ሎት ላይ። ቤት እንዳልሄድ ልጄ ፊቴን አይታ "ማም፣ ዋት ሃፕንድ?" ትለኛለች። ለእሷ በእንግሊዝኛ ከማስረዳት ለእናንተ በአማርኛ መዋረድ ይቀለኛል።

ለማታውቁኝ ሮማን እባላለሁ። ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ዋይትሆል ነው የምኖረው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው። አዛውንት ቤት እሄዳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ አስውጣለሁ፣ አጫውታለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ዎርዝንግተን፣ ሚስ ኤሊነር ቤት ነበርኩ።

"ነበርኩ" ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ሚስ ኤሊነር ዕድሜዋን ሙሉ ላይብረሪ የሠራች ሴት ናት። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አንቺ እያልኳት ለምጄ ቀረሁ እንጂ በአማርኛ ብናወራ ኖሮ አንቱ ነበር የምላት፣ አትቆጡኝ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። እግሯ ደከመ እንጂ ጭንቅላቷ ከእኔ ሁለት እጥፍ ይሠራል። በዚህ ዓለም ላይ ያለቻት አንዲት ታላቅ እህት ናት፣ ማርጋሬት የምትባል። ማርጋሬት የምትኖረው ሩቅ፣ ሜይን ነው፣ ከልጇ ከጄኒፈር ጋር።

ሁለቱ እህትማማቾች በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካኖቹ ልክ አራት ሰዓት ላይ፣ ይደዋወላሉ። ምን ሊያወሩ? ክሮስዎርድ ሊሞሉ! ያ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው፣ ባዶ ሳጥኑን በፊደል የሚሞሉት ጨዋታ። ሚስ ኤሊነር ጥያቄውን ታነባለች፣ ማርጋሬት ከሜይን መልሱን ትናገራለች፣ ሚስ ኤሊነር በእርሳስ ትጽፋለች። አንዳንዴ በአንድ ቃል አሥር ደቂቃ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ሁለት አሮጊቶች ስለ አንድ የወንዝ ስም ሲናደዱ እሰማለሁ።

እና ደግሞ ሚስ ኤሊነር አንድ ቃል አላት። ቡን።

ውለታ ማለት ነው። ግን የድሮ ውለታ። ንጉሥ ፊት ተንበርክከው የሚለምኑት ዓይነት፣ ንጉሡም አንዴ እሺ ካለ ወደ ኋላ የማይልበት። ልጄን ብጠይቃት "ማም፣ ኖ ዋን ሴይስ ዛት" ብላ ሳቀችብኝ። ሚስ ኤሊነር ግን ትላለች። መስኮት ክፈቺልኝ ለማለት "ሮማን፣ አንድ ቡን ልለምንሽ?" ትለኛለች። ሻዩ ሲበርድ ቡን፣ መነጽሯ ሲጠፋ ቡን። እኔም እሷ እንዳስተማረችኝ እጄን እንደ ንጉሥ ዘርግቼ "ግራንትድ" እላለሁ። ፈቅጃለሁ እንደማለት ነው። እኔ፣ የዋይትሆሏ ሮማን፣ ጓንት ባጠለቀ እጄ!

አንድ ቀን ግን ጨዋታ አልነበረም።

ማርጋሬት ሆስፒስ የገባች ሰሞን ነው። ሐኪሞቹ ማዳኑን ትተው ስቃይዋን ብቻ ለማስታገስ ነርስ ቤቷ ድረስ መላክ የጀመሩ ጊዜ ማለት ነው። ሚስ ኤሊነር ካልሲ ሳደርግላት እጄን ያዘችኝ።

"ሮማን፣ አንድ ትልቅ ቡን አለኝ" አለችኝ። "የማርጋሬት ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ ሊያባብለኝ ይሞክራል። አርጅታለች፣ ልቧ ደካማ ነው እያሉ ይደብቁኛል። አንቺ እንዳትደብቂኝ። የሰማሽው ደቂቃ ንገሪኝ። ሻወር ውስጥ ብሆን እንኳ።"

"ግራንትድ" አልኳት።

"እንደ ሁልጊዜው አይደለም። የእውነት።"

"በማርያም" አልኳት። ማርያም እኛ ዘንድ ምን እንደሆነች ከነገርኳት ቆይቷል፣ በዚያ አመነችኝ።

እንግዲህ ወደ ትናንት እንምጣ።

ትናንት ከምሳ በፊት ሚስ ኤሊነር ሶፋዋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል። ጄኒፈር በእኔ ሞባይል ኮል አደረገች። እያለቀሰች ነው።

"ሮማን፣ እናቴ በጣም ታማለች። ነርሷ ብዙ ጊዜ የላትም እያለች ነው። አሁን ነቅታ አክስቴን፣ አንት ኤሊን፣ እየጠራች ነው። እባክሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያትና ትደውልልን።"

አሁን እናንተ የአገሬ ልጆች እውነቱን ተናገሩ። ይሄን ስትሰሙ ምን ገባችሁ?

በጣም ታማለች። ስሟን እየጠራች ነው። ቀስ ብለሽ ንገሪያት። በዚያ ላይ ለቅሶ።

በቃ፣ አልቃለች!

እኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነዋ። "ሞተ" ብሎ በስልክ የሚናገር ማን አለ? ትንሽ አሞታል ይባላል። ሊያይሽ ይፈልጋል፣ ያነሳሻል ይባላል። ያ ሲባል ሰውየው ሰልስቱ ወጥቷል። ይሄንን ማንም አላስተማረኝም፣ አብሮኝ ያደገ ነው።

አባቴ ሲሞት ወንድሜ ዘጠኝ ቀን ሙሉ "ትንሽ አሞታል፣ ያነሳሻል" ሲለኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ፌስቡክ ስከፍት አንድ የሩቅ ዘመዳችን የአባቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎታል። ሥሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሏል። ያን ጊዜ ዌርሃውስ ነበር የምሠራው። ካርቶኖቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሱፐርቫይዘሬ መጥቶ ብሬክሽ ገና ነው አለኝ።

ያን ቀን ለራሴ ማልኩ። እኔ የምወደው ሰው መርዶ እንደዚያ አይሰማም። በወጉ ነው የሚሰማው። በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ በግራ በቀኝ የሚደግፍ ሰው ተቀምጦ።

እንግዲህ ሁለት መሐላ ነበረብኝ ማለት ነው። አንደኛው የእሷ፣ ሁለተኛው የራሴ። የመረጥኩት የራሴን ነው።

ለጄኒፈር "አይዞሽ፣ ገብቶኛል፣ ለእኔ ተዪው" አልኳት። ከዚያ ቀስ ብዬ ከሶፋው ኋላ እጄን ሰደድኩና የቤቱን ስልክ ገመድ ነቀልኩት። ሚስ ኤሊነር ሞባይል የላትም፣ ያ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ ስልኳ ብቻ ነው ያላት። ድንገት ሌላ ሰው ደውሎ ዱብ እንዳያደርግባት ብዬ ነው። ብልጥ ነኝ እኮ!

ስትነቃ ሾርባ አሞቅኩላት። በባዶ ሆዷ እንዳይሆን። ዳቦ ጨመርኩላት። "ዛሬ ምን ሆነሻል፣ እንደ በግ ልታሰቢኝ ነው?" አለችኝ። የልብ መድኃኒቷን ራሴ ቆጥሬ አስዋጥኳት። ስትጨርስ ፍራፍሬ ቆራረጥኩላት። ሳህኑን ሳጥብ እንባዬ ይወርድ ነበር፣ ውሃውን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ጄኒፈር ቴክስት አደረገች። "መደወል አልቻለችም እንዴ? እናቴ አሁንም እየጠበቀቻት ነው።"

ይሄን አንብቤ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? አደነቅኳት። እናቷ ሞታባት እንኳ መርዶውን ጠብቃ ትይዛለች፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ የእኛን ልጅ ትመስላለች አልኩ። "ቀስ እያልኩ ነው" ብዬ የልብ ምልክት ጨምሬ መለስኩላት።

የልብ ምልክት!

አራት ሰዓት ሲሆን ሚስ ኤሊነር ጋዜጣዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ እርሳሷን ቀረጸች፣ ስልኩን አነሳች።

"ሮማን፣ ድምፅ የለውም።"

"ተበላሽቷል። ነገ ጠዋት ሠሪ ይመጣል።"

"እስኪ ያንቺን አውሺኝ።"

"ቻርጅ ጨርሷል" አልኳት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሙሉ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። "ማርጋሬት ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"የለመንኩሽን አልረሳሽም?"

"አልረሳሁም።"

አመነችኝ። ጋዜጣዋን ብቻዋን ሞከረች፣ ሦስት ቃል ሞላችና እርሳሷን አስቀመጠች። "ትጠብቀኛለች እኮ" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። እኔ ደግሞ ምስኪን፣ ማን ሊጠብቅሽ ብዬ በሆዴ አለቀስኩላት።

ማርጋሬት ግን በዚያው ሰዓት ሜይን ውስጥ ትራስ ተደግፋ ያንኑ ጋዜጣ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ይሄን የሰማሁት ዛሬ ነው።

ከሥራ እንደወጣሁ እትዬ ጽጌ ጋ ሄድኩ። እትዬ ጽጌ ጎረቤቴ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ። ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ዘመድ የላትም?" አሉኝ።

"የላትም።"

"ጎረቤትስ?"

"አንዱ ውሻውን ሲያናፍስ እጁን ያነሳላታል። ሌላ የለም።"

እትዬ ጽጌ አማተቡ። "ታዲያ እኛ ካልሄድን ማን ሊሄድላት ነው?" ብለው እዚያው ስልካቸውን አንስተው ሁለት የማኅበር ሴቶች ጠሩ። እንግሊዝኛውን የሚናገር ሽማግሌ ያስፈልጋል ተባለና ለጋሼ ተፈራ ተደወለ። ጋሼ ተፈራ አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ልጆቻቸው በአባታቸው እንግሊዝኛ ይስቃሉ፣ እሳቸውን ግን ከሚስ ኤሊነር በቀር የሚመጥናቸው ሰው ኮሎምበስ ውስጥ ያለ አልመሰለኝም።

ዛሬ ማለዳ የእትዬ ጽጌ ቫን ውስጥ ሆነን በሁለት ሰባ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ስንነዳ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ለአንዲት ብቸኛ ሴት ወገን ይዤላት እየሄድኩ ነው ብዬ። አባቴን በዌርሃውስ የሰማሁት እኔ ለእሷ በወጉ አደረግኩላት ብዬ። እንዲያውም በዓመታት ውስጥ የሠራሁት ትልቁ ደግ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ቁልፍ አለኝ፣ ከፍተን ገባን። ሚስ ኤሊነር ተነስታ ጋዋኗን ደርባ መደገፊያ ዎከሯን ይዛ ቆማለች። አንድ በአንድ አየችን። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ፣ የጋሼ ተፈራ ጥቁር ኮት።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለስልኩ ነው?" አለች።

እትዬ ጽጌ ክንዷን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጧትና በቀኟ ተቀመጡ፣ አንዷ ሴት በግራዋ። ብትወድቅ ለመደገፍ ነው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ሚስ ኤሊነር ከሁለቱ መሃል ተጣብቃ አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ "እንግዶቹ ቁርስ በልተዋል?" አለችኝ።

ጋሼ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀመሩ። በእንግሊዝኛ፣ "ክብርት እመቤት ሆይ" ብለው። ከአዳም ተነሱ። ወደ ኖኅ መጡ። ሚስ ኤሊነር በጨዋ ደንብ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፣ ምናልባት ሃይማኖት ሊሰብኳት የመጡ መስሏት ይሆናል። ኢዮብ ላይ ሲደርሱ ፊቷ ተለወጠ።

"እህትዎ ወይዘሮ ማርጋሬት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል" አሉ ጋሼ ተፈራ።

እትዬ ጽጌ "ወይኔ እህቴ" ብለው ለቅሶውን አነሱት። ሁለቱ ሴቶች ተቀበሏቸው። ሚስ ኤሊነር አላለቀሰችም። የምታየው እኔን ብቻ ነው።

"መቼ?" አለችኝ።

"ትናንት።"

"ትናንት ስንት ሰዓት?"

"ከምሳ በፊት።"

ጋዜጣውን አየች፣ እነዚያን ሦስት የተሞሉ ቃላት። "አራት ሰዓት ላይ ጠይቄሽ ነበር" አለች።

"ጄኒፈርን ላናግራት። ስልክሽ ዛሬ ቻርጅ አለው?"

ሰዎች፣ እዚያች ላይ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

"የቤቱም ይሠራል" አልኩና በጉልበቴ ተንበርክኬ ከሶፋው ኋላ ገባሁ። እናቶች ፊት፣ ሽማግሌ ፊት፣ ቂጤን ሰቅዬ ራሴ የነቀልኩትን ገመድ ራሴ ሰካሁት። ጋሼ ተፈራ ለእኔ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጆሮዋ ስለሚደክም ስፒከር ላይ አደረግኩት።

ጄኒፈር ወዲያው አነሳች። "አንት ኤሊ! ኦ ማይ ጋድ። ትናንት ቀኑን ሙሉ እኮ ስትጠብቅሽ ነበር።"

"ማን?" አለች ሚስ ኤሊነር።

"እናቴ።"

እትዬ ጽጌ እንባቸውን ጉንጫቸው ላይ እንደያዙ ወደ ጋሼ ተፈራ ዞሩ።

"ምን አለች?"

"በሕይወት አለች ነው የምትለው።"

"ማን?"

"ሟች" አሉ ጋሼ ተፈራ በሹክሹክታ።

እትዬ ጽጌ እልል ሊሉ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄዶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ያለቅሱ ወይስ እልል ይበሉ፣ እኔን አዩኝ። ሁሉም እኔን አዩኝ።

ጄኒፈር ግን አልጨረሰችም። "ከማታ ጀምሮ አትናገርም" አለች። "ዓይኗንም አልገለጠችም። ትናንት እስኪመሽ ድረስ ንቁ ነበረች፣ ጋዜጣውን ይዛ። ሮማን ቀስ እያልኩ ነው ስላለችኝ አንቺ ዝግጁ ያልሆንሽ መስሎኝ አላስጨነቅኩሽም። እኔም ለእናቴ ትንሽ ቆይታ ትደውላለች እያልኳት ነበር።"

ሚስ ኤሊነር ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት "ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት" አለች።

ከስፒከሩ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ሚስ ኤሊነር ጋዜጣውን አነሳች፣ መነጽሯን አደረገች፣ የትናንቱን ክሮስዎርድ ማንበብ ጀመረች። አንድ ጥያቄ ታነባለች፣ ትጠብቃለች። መልስ ሲጠፋ "አታውቂውም? እኔም አላውቀውም" ትላትና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። መልሱ ስንት ፊደል እንዳለው፣ በየትኛው እንደሚጀምር ትነግራታለች። ከዚያ ትጠብቃለች።

እናቶቹ ቋንቋውን አይሰሙም። ሙሾ እያወረደችላት መሰላቸው። እትዬ ጽጌ በየጥያቄው መጨረሻ ቀስ ብለው ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት አለቀሱ። ክሮስዎርድ ነው ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም፣ ደግሞም አልተሳሳቱም።

እንዲህ እያለች ብዙ ቆየች። ገጹ ሊያልቅ ሁለት ወይ ሦስት ጥያቄ ሲቀረው ትንፋሹ ቆመ፣ አልተመለሰም። ከዚያ የጄኒፈር ድምፅ መጣ። "አንት ኤሊ፣ ሄደች።"

"አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ" አለቻት ሚስ ኤሊነርና መነጽሯን አወለቀች። ያን ጊዜ ወደ ቀኟ ዘንበል ብላ እትዬ ጽጌ ትከሻ ላይ አለቀሰች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እትዬ ጽጌም እንደ ሕፃን ይዘው ወዘወዟት፣ በአማርኛ አይዞሽ እያሉ።

እኔ ቀረብ ስል እጇን አነሳች። አትምጪ ነው።

ትንሽ ስትረጋጋ ላስረዳት ሞከርኩ። እንደ እኛ ወግ በስልክ ሞት እንደማይነገር፣ በጣም ታማለች ሲባል ሞታለች ማለት እንደሆነ፣ አስቤላት እንደሆነ ነገርኳት። ቃል ሲጠፋኝ ጋሼ ተፈራ እየረዱኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ላይብረሪ የሠራ ሰው እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "ታዲያ እናንተ፣ ሰው በእውነት በጣም ሲታመም ምን ትላላችሁ?"

ወደ ጋሼ ተፈራ ዞርኩ። ጋሼ ተፈራ ባርኔጣቸውን አዩ። አርባ ሁለት ዓመት ኖሬ ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መልሱን አሁንም የለኝም።

"ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ" አለችኝ ሚስ ኤሊነር። "ግን ደህና ናት አልሽኝ። እሷ ደግሞ እየጠበቀችኝ ነበር።" ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ለላከሽ ኤጀንሲ እኔ እደውላለሁ።"

እናቶቹም አብረውኝ ሊነሱ ሲሉ የእትዬ ጽጌን እጅ ያዘችና "እነሱ ይቆዩ" አለች።

እንግዲህ ያመጣኋቸው እኔ፣ ብቻዬን ወጣሁ! በቫን ነው የመጣነው፣ ራይድ ጠርቼ ዋይትሆል ድረስ ሄድኩ፣ መኪናዬን አስነሳሁ፣ ከዚያ ቤቴን አልፌ ነዳሁ። እትዬ ጽጌ ከዚያ ወዲህ አንድ ቮይስ ሜሴጅ ልከውልኛል። እንቁላል ጠብሰውላት በላች፣ ጋሼ ተፈራ መጽሐፍ እያነበቡላት ነው፣ አንቺ ግን ምን ነክቶሽ ነው ይላሉ።

ኮሜንት ላይ "አስበሽ ነው፣ ራስሽን አትውቀሺ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ተዉት። ይቺ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ መስኮትና ሻይ ስትለምነኝ ቆይታ የምሯን የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራዬ ሄደ፣ እሱ ይሁን፣ ሥራ ይገኛል። እኔ የሰረቅኳቸው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ለእህትማማቾቹ የቀረቻቸውን። ያቺን ከየት አምጥቼ ልመልስ?

እዚህ ፓርኪንግ ሎት ቁጭ ብዬ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም፣ አዳማ ደወልኩ። እናቴ እዚያ ነው የምትኖረው፣ ከእህቴ ጋር።

"እማዬ እንዴት ናት?" አልኳት እህቴን።

"ደህና ናት። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ነው እንጂ።"

"አቅርቢልኝ፣ ድምጿን ልስማ።"

"አሁን እኮ ተኝታለች። ነገ ታገኛታለሽ።"

"ቀስቅሻት።"

"ምነው፣ ማን ምን አለሽ?" አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ ሃያ ደቂቃ ሆነኝ። ሰው ጉንፋን ይይዘዋል። እዚያ መሽቷል፣ እማዬም በጊዜ የምትተኛ ሴት ናት። ይሄን ሁሉ ለራሴ እየነገርኩት ነው። ግን እኔም ትናንት "ደህና ናት" ስል ድምፄ እንዲሁ ነበር፣ ልክ እንደ እህቴ፣ ለስለስ ያለ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ከመካከላችሁ "ጉንፋን ነው" ተብሎ፣ ሲሄድ ጉንፋን ሆኖ ያገኘው አለ?